ከቁጥሩ በፊት ዓምዱ፦ የራስ ቅል ነርቮችን ስለምናስተምርበት ቅደም ተከተል

አናቶሚ የተማረ ሰው ሁሉ 12ቱን ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች በቃሉ ይወጣል። አብዛኞቻችን የያዝናቸው የየነርቩን የመጀመሪያ ፊደል በሚያስታውስ የእንግሊዝኛ የቀልድ ዐረፍተ ነገር ነው። እኔም በመጀመሪያ ዓመቴ በኮሪደር እየተመላለስኩ እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ዛሬ ከሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴ ጎን ለጎን የሕክምና ተማሪዎችን በቤተ ሙከራ ሳግዝ ያንኑ ዜማ ከእነርሱ አፍ እሰማለሁ። ዜማው ክፉ አይደለም፤ ለፈተና ያደርሳል። ቅሬታዬ የትምህርቱ መግቢያ መሆን የነበረበት ዜማ ቀስ በቀስ ትምህርቱን ራሱን መተካቱ ላይ ነው። የራስ ቅል ነርቮች በመጀመሪያ በተግባር ክፍላቸውና በአንጎል ግንድ ውስጥ በተሰለፉባቸው ዓምዶች፣ ከዚያም በኋላ በቁጥራቸውና በሚወጡባቸው የአጥንት ቀዳዳዎች መማር አለባቸው ብዬ አምናለሁ። አሁን የምናደርገው ግን የዚህን ግልባጭ ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይጠቅማል። ጋሌን የቆጠረው 7 ጥንድ ነበር። ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1664 ባሳተመው የአንጎል አናቶሚ መጽሐፉ 9 የራስ ቅል ነርቮችን ዘረዘረ። በእርሱ አቆጣጠር ዛሬ 7ኛና 8ኛ የምንላቸው አንድ ላይ ነበሩ፤ 9ኛው፣ 10ኛውና 11ኛውም እንዲሁ በአንድ ቁጥር ተጠቃልለው ነበር። ቁጥሩን 12 ያደረሰው ሳሙኤል ቶማስ ዞመሪንግ እ.ኤ.አ. በ1778 በጎቲንገን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት ቁጥር መስፈርቱ ዓይን ነው፦ አንጎሉን ገልብጦ ከሥሩ የሚታዩትን ክሮች ከፊት ወደ ኋላ መቁጠር። ስለዚህ ቁጥሩ ነርቩ የት እንደሚታይ ይነግረናል፤ ስለ ሥራው ግን ዝም ይላል። ስለ አመጣጡም ቢሆን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። 1ኛው፣ የማሽተት ነርቭ፣ ከአንጎል ግንድ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። 2ኛው፣ የዕይታ ነርቭ፣ በፅንስ አመጣጡ የአንጎሉ የራሱ ቅጥያ ነው፤ ክሮቹን በማየሊን የሚሸፍኑት ኦሊጎደንድሮሳይቶች ናቸው፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚያጠቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። 11ኛው ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ከአንገት ኅብለ ሰረሰር ተነሥቶ፣ ሽቅብ ወደ ራስ ቅል ገብቶ፣ መልሶ የሚወጣ እንግዳ ነው። ከ12ቱ ሦስቱ እንዲህ ከስማቸው ጋር ካልተስማሙ ዝርዝሩን የትምህርቱ መሠረት ማድረጋችን ጥቂት ሊያሳስበን ይገባል።

ዓምዶቹን ለመረዳት ከፅንስ መጀመር ያስፈልጋል። የነርቭ ቱቦው ግድግዳ በእያንዳንዱ ጎን ለሁለት ይከፈላል። ከጀርባ በኩል ያለው አላር ፕሌት ስሜት ተቀባይ ሕዋሳትን፣ ከሆድ በኩል ያለው ቤዛል ፕሌት አንቀሳቃሽ ሕዋሳትን ያፈራል። በመካከላቸው ያለችው ቀጭን ቦይ ሰልከስ ሊሚታንስ ትባላለች፤ ይህን ክፍፍል በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግልጽ ያደረገው ቪልሄልም ሂስ ነው። በኅብለ ሰረሰር ውስጥ አደረጃጀቱ እስከ መጨረሻው ይቆያል፦ ስሜት በኋላ፣ እንቅስቃሴ በፊት። ወደ ሜዱላና ወደ ፖንስ ሲደረስ ግን የቱቦው ጣሪያ ሳስቶ ይሰፋል፤ አራተኛው ቬንትሪክልም ይፈጠራል። የባቄላ እሸት የፈለፈለ ሰው የሚሆነውን በቀላሉ ያየዋል፤ ልጣጩ በአንድ ጠርዙ ተከፍቶ ሲዘረጋ ከላይ ተጋጥመው የነበሩት ከንፈሮች ወደ ጎን ይሄዳሉ፣ ከታች የነበረው ወገብ መካከል ላይ ይቀራል። በኅብለ ሰረሰር «ኋላና ፊት» የነበረው በአንጎል ግንድ «ጎንና መካከል» ይሆናል ማለት ነው። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር በእኔ ግምት ከዜማው ሁሉ ትበልጣለች፤ የቀረው ከእርሷ ይከተላልና።

ለመካከለኛው መስመር እጅግ የሚቀርበው የዓይንንና የምላስን ጡንቻዎች የሚያዝዘው አጠቃላይ ሶማቲክ አንቀሳቃሽ ዓምድ ነው። የ3ኛው፣ የ4ኛው፣ የ6ኛውና የ12ኛው ነርቭ ኒውክለሶች ከላይ ወደ ታች በዚህ መስመር ተሰልፈዋል። ከእርሱ ወደ ጎን፣ ሰልከስ ሊሚታንስን ሳይሻገር፣ የውስጥ ብልቶች አንቀሳቃሽ ዓምድ አለ፤ የዓይን ብሌንን የሚያጠብበው የኤዲንገር-ቬስትፋል ኒውክለስ፣ ዕንባና ምራቅ የሚያዝዙት ሁለቱ ሳሊቫቶሪ ኒውክለሶችና የቬገስ የጀርባ ኒውክለስ የሚገኙት በዚሁ ነው። ማኘክን፣ የፊት ገጽታን፣ መዋጥንና ድምፅን የሚያዝዘው ሦስተኛው አንቀሳቃሽ ዓምድ በፅንስ ዕድገት ጊዜ ከሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ፊትና ወደ ጎን ጠልቆ ገብቷል። የስደቱ ፋና እስከ ዛሬ ይታያል፦ የ7ኛው ነርቭ አንቀሳቃሽ ክሮች በቀጥታ አይወጡም፤ ወደ ቬንትሪክሉ ወለል ተመልሰው የ6ኛውን ኒውክለስ ዞረው ነው የሚወጡት። በወለሉ ላይ የምትታየው ትንሽ እብጠት፣ ፌሻል ኮሊኩለስ፣ የዚህ ዙረት ምልክት ናት። ከሰልከስ ሊሚታንስ ማዶ ስሜት ይጀምራል። በመጀመሪያ ሶሊታሪ ኒውክለስ ይመጣል፤ የላይኛው ክፍሉ ጣዕምን፣ የታችኛው የልብን፣ የሳንባንና የሆድ ዕቃን ወሬ ይቀበላል። ቀጥሎ ረጅሙ የትራይጀሚናል ዓምድና የሚዛንና የመስማት ኒውክለሶች አሉ።

አውስትራሊያዊው የነርቭ ሐኪም ፒተር ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2005 «የ4 ሕግ» ብሎ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የነርቭ ስፔሻሊስት ላልሆኑ ሐኪሞች አንድ ቀላል ዘዴ አስተዋውቋል። የአንጎል ግንድ ካልሆኑት ከ1ኛውና ከ2ኛው በቀር፣ 12ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች፣ ማለትም 3፣ 4፣ 6 እና 12፣ አንቀሳቃሽ ኒውክለሶቻቸው በመካከል ናቸው፤ የማያካፍሉት 5፣ 7፣ 9 እና 11 በጎን ናቸው። ቁጥሩን ካልጣልን አይቀር እንዲህ ሥራ ቢሰጠው መልካም ነው።

ይህ ሥርዓት ሲገባ «አንድ ነርቭ፣ አንድ ሥራ» የሚለው ልማድ ይፈርሳል። የፊት ነርቭ የምንለውን 7ኛውን እንውሰድ። የፊት ጡንቻዎችን የሚያንቀሳቅሱት ክሮቹ በፖንስ ካለው አንቀሳቃሽ ኒውክለስ ይነሣሉ፤ ለዕንባ እጢ፣ ከመንጋጋና ከምላስ ሥር ላሉት የምራቅ እጢዎች የሚሄዱት ደግሞ ከላይኛው ሳሊቫቶሪ ኒውክለስ። ከምላስ የፊት ሁለት ሦስተኛ የሚያመጣው ጣዕም በሶሊታሪ ኒውክለስ ያርፋል። ከጆሮ ቆዳ የሚያመጣው ጥቂት ስሜት ስሙ የ5ኛው ወደሆነው ወደ ትራይጀሚናል ኒውክለስ ይገባል፤ የ9ኛውና የ10ኛው የጆሮ ስሜትም እዚያው ነው መድረሻው። በአንድ ታክሲ የተሳፈሩ ሰዎች የአንድ ቤት ልጆች እንዳልሆኑ ሁሉ በአንድ ነርቭ የሚጓዙ ክሮችም ከተለያየ ሰፈር ተነሥተው ለመንገዱ ያህል የተገናኙ ናቸው። እኛ ግን ተማሪውን ታክሲውን አስቆጥረን ሰፈሮቹን ሳናሳየው እንለቀዋለን። ውጤቱን በየፈተናው አየዋለሁ። 7ኛው ነርቭ የፓሮቲድን እጢ ሰንጥቆ ያልፋል፤ እጢውን ምራቅ እንዲያመነጭ የሚያዝዘው ግን 9ኛው ነው። ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ይስቱታል። በቦታ አስተምረናቸው ቦታን ቢያምኑ አይፈረድባቸውም።

ጉዳዩ ለእኔ የማስተማር ስልት ክርክር ብቻ ያልሆነበት ምክንያት አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማለዳ አክስቴን ቤቱ ዞረባቸው፤ ደጋግሞ አስመለሳቸው፤ ስቅታም ያዛቸውና አልለቅ አለ። «ምነው፣ ማን ነው እንዲህ አጥብቆ የሚያነሣኝ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ቀልዱ የሚወጣበት ድምፅ ግን የእርሳቸው አልነበረም፣ ጎርንኖ ነበር። በወሰድናቸው የጤና ተቋም የመረመራቸው ወጣት ሐኪም ትሑትና ትጉህ ሰው ነበር። እጅዎን ያንሡ አላቸው፤ አነሡ። በእግርዎ ይግፉኝ አላቸው፤ ገፉት። ምላስዎን ያውጡ አላቸው፤ ምላሳቸው ቀጥ ብሎ ወጣ። ፈገግ ይበሉ አላቸው፤ ፊታቸው አልተጣመመም። ሲቲ ስካን ተነሡ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ስትሮክ እንዳልሆነ፣ የጨጓራና የጆሮ ሚዛን ችግር እንደሆነ ተነግሯቸው መድኃኒት ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። የቀኝ ዓይናቸው ቆብ ትንሽ መውረዱን ሁላችንም አይተናል፤ ከእንቅልፍ ማጣት ነው ብለን አለፍነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ነርቭ የተማርኩት እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ከጀበና የተቀዳ ቡና በግራ እጃቸው ላይ ፈሰሰ። አንድ ነገር እንደነካቸው ወዲያው ዐወቁ፤ ማቃጠሉን ግን የተረዱት ቆዳቸው ሲቀላ አይተው ነው። ያን ዕለት ማታ ሾርባው ትን አላቸው፤ ቀጥሎም የሳንባ ምች ያዛቸው። በሌላ ተቋም በተነሡት ኤምአርአይ በሜዱላቸው የቀኝ ጎን ላይ የደም ዝውውር መቋረጥ ተገኘ።

አሁን ይህንኑ ታሪክ በዓምዶቹ እናንብበው። እጅና እግርን የሚያንቀሳቅሰው ፒራሚዳል መንገድ በሜዱላ ውስጥ በመካከል ይወርዳል፤ የ12ኛው ኒውክለስም በመካከል ነው። ስለዚህ ጉዳቱ በጎን ከሆነ እጅ ይነሣል፣ ምላስም ቀጥ ብሎ ይወጣል። የ7ኛው አንቀሳቃሽ ኒውክለስ ከፍ ብሎ በፖንስ ስለሆነ ፈገግታ አይጣመምም። በጎን ያሉት ግን ሁሉም ተጎድተዋል፦ ኒውክለስ አምቢጉስ ሲነካ ድምፅ ይጎረንናል፣ መዋጥም ይታወካል፤ የሚዛን ኒውክለሶች ሲነኩ ቤቱ ይዞራል፤ የትራይጀሚናል ዓምድ ሲነካ በዚያው ወገን ያለው ፊት ሕመምና ሙቀት አይለይም፤ ስፓይኖታላሚክ የተባለው መንገድ ሲነካ በተቃራኒው ወገን ያለው አካል ሙቀትና ሕመም ይሰወረዋል፤ ከሲምፓቴቲክ ሥርዓት የሚወርደው መንገድ ሲነካ የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ ብሌኑም ይጠብባል። የመዳሰስን ስሜት የሚሸከመው ሚዲያል ሌምኒስከስ እንደ ስሙ በመካከል ስለሚሄድ ይተርፋል። ቡናው እንደነካቸው አውቀው ማቃጠሉ ያልታወቃቸው ለዚህ ነው። አዶልፍ ቫለንበርግ ይህን የምልክቶች ስብስብ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ሲቲ ስካን ከመፈጠሩ ከሰባ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በመርፌ፣ በትኩስ ነገርና በአናቶሚ ዕውቀት ብቻ። ወጣቱን ሐኪም አልወቅሰውም። 12ቱን ነርቮች እንደ እኔ በቅደም ተከተል ያውቃቸው እንደነበር አልጠራጠርም። ያ ቅደም ተከተል ግን «ጎኑ ወይስ መካከሉ?» የሚለውን ጥያቄ እንዲጠይቅ አላስተማረውም።

መምህራን ከሚያነሡት ተቃውሞ ዋናው የተግባር ክፍሎቹ ስያሜ ራሱ ይከብዳል የሚል ነው። «አጠቃላይ»፣ «ልዩ»፣ «ሶማቲክ»፣ «ቪሰራል» የሚሉት ቃላት ተባዝተው ሰባት ክፍል ይሆናሉ፤ ተማሪውም ከአንዱ ዜማ ወጥቶ ሌላ ዜማ ይሸመድዳል። ተቃውሞው እውነት አለው። በተለይ «ልዩ ቪሰራል አንቀሳቃሽ» የሚለው ስም ለተማሪ ወጥመድ ነው። የማኘኪያና የፊት ጡንቻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ክንድ ጡንቻ የተሰነተረ ነው፤ በፈቃዳችንም ይታዘዛል። ታዲያ «ቪሰራል» የተባለው ለምንድን ነው? ስሙን ያወረሱን ሲ. ጀድሰን ሄሪክን የመሰሉ የንጽጽራዊ አናቶሚ ተመራማሪዎች ናቸው። እነርሱ ያጠኑት ዓሣን ነበር፤ በዓሣ ደግሞ እነዚህ ጡንቻዎች ስንጥብን የሚሸከሙትን ቅስቶች ያንቀሳቅሳሉ፣ ቅስቶቹም የምግብ ቱቦው የፊት ጫፍ አካል ናቸው። ኋላ ግን ከድርጭትና ከዶሮ ፅንስ በተቀናጁ ሽሎች በተደረጉ ጥናቶች፣ በተለይም በድሩ ኖደን ሥራዎች፣ የቅስቶቹ ጡንቻዎች ከነርቭ ቱቦው ጎን ካለው ሜሶደርም እንደሚገኙ ታየ። ከጡንቻው ወገን ካየነው «ቪሰራል» የሚለው ስም ብዙም አይቆምም።

ብዙ መማሪያ መጻሕፍት እዚህ ላይ ነገሩን ዘግተው ስሙ ስሕተት ነበር ይላሉ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ የነርቭ ሕዋሱ ራሱ ሌላ ምስክርነት ይሰጣልና። ፎክስ2ቢ የተባለው ጂን በሌላቸው አይጦች የቅስት አንቀሳቃሽ ሕዋሳትና የውስጥ ብልቶች አንቀሳቃሽ ሕዋሳት ሁለቱም አይፈጠሩም፤ የ6ኛውና የ12ኛው ሶማቲክ ሕዋሳት ግን ይፈጠራሉ። በሰው ላይ የዚሁ ጂን ለውጥ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን የሚያዳክም ከውልደት ጀምሮ ያለ ሕመም ያመጣል። እንግዲህ ጡንቻው «ሶማቲክ ነኝ» ሲል ያዘዘው ሕዋስ «ዘመዴ ቪሰራል ነው» ይላል። የ3ኛውና የ4ኛው ኒውክለሶች ደግሞ የዚህ ጂን ወንድም የሆነውን ፎክስ2ኤን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ንጹሕ የመሰለን የመካከሉ ዓምድ እንኳ አንድ ወጥ አይደለም። በበኩሌ ዓምዱን «የቅስት አንቀሳቃሽ» ብሎ መጥራትና ክርክሩን ለተማሪው ሳይደብቁ ማቅረብ ይሻላል እላለሁ። «ልዩ» የሚለው ቅጽል ደግሞ ከራስ ውጭ የማይገኝ ከማለት በላይ ትርጉም የለውም፤ ያለ እርሱም መኖር ይቻላል። በዚህ መንገድ ሰባቱ ክፍሎች ወደ አምስት ወይም ስድስት ይወርዳሉ፤ ተማሪውም ምደባ ማለት የሚሸመደድ ሕግ ሳይሆን በማስረጃ የሚከራከሩበት አስተያየት መሆኑን ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ያያል።

ከሥርዓቱ የሚያፈነግጡ አሉ፤ መደበቅ የለባቸውም። በኒውክለስ አምቢጉስ ውስጥ የልብን ምት የሚያዘገዩ የቬገስ ሕዋሳት ተቀላቅለው ይገኛሉ። የ5ኛው ነርቭ የመካከለኛ አንጎል ኒውክለስ ደግሞ በጋንግሊዮን ውስጥ መሆን የነበረባቸውን የስሜት ሕዋሳት በአንጎሉ ውስጥ ይዟል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ኤምአርአይ ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ኤምአርአይ በአገራችን ለአብዛኛው ሕመምተኛ ቅርብ አይደለም፤ ባለበትም ቢሆን ማንን እንደምንልክለት የሚወስነው የአልጋ አጠገብ ምርመራ ነው። ሲቲ ስካን በራስ ቅል የኋላ ጓዳ ያለውን አዲስ ጉዳት ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ ኤምአርአይም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሊስተው ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። እኛ በእንግሊዝኛ እንማራለን፤ ሕመምተኛው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋው ይናገራል። በቁጥር የተማረ ተማሪ «9ኛውን እንዴት ልመርምር?» ብሎ ሲያስብ፣ በዓምድ የተማረው የሚጠይቀው ጥያቄ ተራ የቤት ንግግር ነው። ውኃ ሲጠጡ ትን ይልዎታል? ድምፅዎ ተለውጧል? በሙቅ ውኃ ሲታጠቡ ሁለቱም ጉንጭዎ እኩል ይሰማዎታል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አክስቴን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ቢጠየቁ ሁሉንም ይመልሱ ነበር። ዛሬ ድነዋል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ጎረነነ ቀርቷል፤ ቡናቸውንም ቀዝቅዞ ካልሆነ አይጠጡም።

የማቀርበው ለውጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የራስ ቅል ቀዳዳዎችን የምናስተምርበት ሳምንት ከአንጎል ግንድ ተሻጋሪ ቁርጦች በኋላ ይሁን። በቤተ ሙከራ ፈተና ላይ በክር የታሰረን ነርቭ «ስሙን ጻፍ» ከማለት ይልቅ «በዚህ ውስጥ የሚጓዙት ክሮች ከየትኞቹ ዓምዶች ይነሣሉ?» ብለን እንጠይቅ። የእርማቱ ጊዜ ይረዝማል፤ ይህን የምለው የማርመው እኔ ራሴ ስለሆንኩ ጭምር ነው።

ባለፈው ሴሚስተር በማግዘው አነስተኛ ቡድን ይህን ሞክሬው ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ዓምዶቹን በጠመኔ ሰመርኩ፤ ተማሪዎቹም ነርቮቹን አንድ በአንድ እያነሡ በየቦታቸው አስቀመጡ። 11ኛው ላይ ሲደርሱ ተከራከሩ። አንዷ ተማሪ ሕዋሳቱ በኅብለ ሰረሰር የፊት ቀንድ ውስጥ ስላሉ ሶማቲክ ናቸው አለች። ሌላው ክሮቹ ከፊተኛው ሥር ጋር ሳይሆን እንደ ቅስት ነርቮች በጎን ስለሚወጡ የቅስት ናቸው አለ። ሁለቱም ትክክለኛ ማስረጃ ይዘዋል፤ ተመራማሪዎችም እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማሙም። ሰዓቱ አልቆ ሌላ ክፍል ሊገባ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ 11ኛውን በሁለቱ ዓምዶች መካከል በጥያቄ ምልክት ጽፌ ሰሌዳውን ሳላጠፋ ወጣሁ።